ሂና ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ሂና አይደለም

በየካ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የሾላ ገበያ በቅቤው የታወቀ ነው። ከደብረ ብርሃንና ከሰንዳፋ ተነስቶ በለገጣፎና በኮተቤ በኩል ወደ መገናኛ የሚገባው መንገድ ለገበያው ቅርብ ሲሆን፣ በዓል በመጣ ቁጥር የለጋው፣ የመካከለኛውና የበሳሉ ቅቤ ዋጋ ስንት ገባ ተብሎ የሚጠየቀው እዚህ ነው። ከዚህ ቅቤ ከፊሉ የሚሄደው ለወጥ ሳይሆን ለፀጉር ነው። ከቅቤ ተራው ወጣ ሲባል ደግሞ ሌላው የፀጉር ገበያ ይጀምራል። ከመገናኛ እስከ ኮተቤ፣ ከቀበና እስከ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ባሉት የኮስሞቲክስ ሱቆችና የውበት ሳሎኖች ሂና በዱቄት፣ ጥቁር ቀለም በፓኬት፣ ማለስለሻ በብልቃጥ፣ ኬራቲን በጠርሙስ ይሸጣል።

ይህ ሁለተኛው ገበያ የውጭ ምንዛሪ ገበያ ነው። በጥቅምት ወር 2015 ዓ.ም. መንግሥት 38 ዓይነት ዕቃዎች በባንክ የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው ሲያደርግ፣ የውበት መጠበቂያዎች ከእነዚህ መካከል ነበሩ። እገዳው የተነሳው በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ሥርዓቱን በለወጠበት ጊዜ ነው። መስመሩ ሲከፈት አዳዲስ አቅራቢዎችና አዳዲስ ስሞች ይመጣሉ። አስመጪውም ሆነ ጅምላ አከፋፋዩ በዚህ ጊዜ ሊጠይቅ የሚገባው አንድ ነገር አለ፤ ገንዘቡን የሚያፈሰው በፓኬቱ ላይ ባለው ስም ላይ ነው ወይስ በፓኬቱ ውስጥ ባለው ቅመም ላይ? በፀጉር ዕቃ ንግድ ሁለቱ ብዙ ጊዜ አይገናኙም። ዋጋውን፣ የመደርደሪያ ዕድሜውንና ደንበኛ ላይ የሚያስከትለውን አደጋ የሚወስነው ግን ቅመሙ ብቻ ነው።

የዕቃው ሁሉ መሠረት፤ ፀጉር ምንድን ነው?

ፀጉር ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን የተሠራ ነው። ጥፍርና የበግ ሱፍም እንዲሁ ናቸው። ከላይ እንደ ጣሪያ ክዳን የተደራረቡ ስስ ቅርፊቶች አሉት፤ ከሥራቸው ደግሞ ጥንካሬውንና ቀለሙን የያዘው ዋናው አካል ይገኛል። የኬራቲን ክሮች እርስ በርሳቸው የተያያዙት በተለያዩ ማሰሪያዎች ነው። ደካማው ማሰሪያ በውኃ ይፈታል፤ ሲደርቅ ተመልሶ ይታሰራል። በቢጉዲን ተጠቅልሎ ካስክ ውስጥ የደረቀ ፀጉር ቅርጽ የሚይዘው፣ ዝናብ ሲነካው ደግሞ ወደነበረበት የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ነው። ጠንካራው ማሰሪያ ግን የድኝ ድልድይ ነው። እሱን ውኃም ካስክም አይፈታውም፤ የሚሰብረው ኃይለኛ ኬሚካል ነው። ከተሰበረም በኋላ ያ ፀጉር እስኪቆረጥ ድረስ ያው ነው።

በገበያ ያለው የፀጉር ዕቃ በሙሉ ከሦስት ሥራዎች አንዱን ይሠራል። ወይ ከቅርፊቱ ላይ ይቀመጣል፤ ወይ ቅርፊቱን አልፎ ገብቶ ቀለም ይሆናል፤ ወይ ድልድዩን ይሰብራል። ቅቤ በመጀመሪያው፣ ቀለም በሁለተኛው፣ ማለስለሻ በሦስተኛው ይመደባል።

ሥሩና ቅጠሉ

በደጋው የኢትዮጵያ ክፍል ሴቶች ለሠርግና ለበዓል እጅና እግራቸውን የሚያቀሉበት እንሶስላ ከሥር የሚገኝ ቀለም ነው። ተክሉ በሳይንስ ስሙ ኢምፓቲየንስ ቲንክቶሪያ ይባላል፤ ሁለተኛው ቃል የላቲን ሲሆን ትርጉሙም ለማቅለሚያ የሚሆን ማለት ነው። ሥሩ ተወቅጦ፣ እጅ ላይ ተደርጎና ተጠቅልሎ ሲያድር ቀለሙ ይይዛል። ሂና በበኩሉ የቆላ ቁጥቋጦ ቅጠል ነው። አንዱ የደጋ ሥር፣ ሌላው የቆላ ቅጠል ይሁን እንጂ ቀለማቸው የሚመጣው ናፍቶኪኖን ከሚባል አንድ የኬሚካል ቤተሰብ ነው። በሂና ውስጥ ያለው ላውሶን ይባላል፤ መጠኑም ከደረቁ ቅጠል ከ1 እስከ 2 በመቶ ገደማ ቢሆን ነው።

ላውሶን ከፕሮቲን ጋር በቀጥታ ይተሳሰራል። በእጅ፣ በጥፍርና በፀጉር ላይ ሳይለቅ የሚቆየው ለዚህ ነው። በእንጦጦ ሥር በሽሮ ሜዳ የሚሸጠው ነጠላና ቀሚስ የሚሠራው ግን ከጥጥ ነው። ጥጥ ሴሉሎስ እንጂ ፕሮቲን ባለመሆኑ፣ ያው ላውሶን ያለ ማጣበቂያ ማዕድን ቢነካው በእጥበት ይደበዝዛል። ለፀጉር የተሠራ ቀለም ለጥለት ክር፣ ለክር የተሠራውም ለፀጉር እንደማይሆን የሁለቱ ገበያዎች ነጋዴዎች በሚገባ ሊያውቁት ይገባል።

ለነጋዴው ዋናው ቁም ነገር ይህ ነው፤ ላውሶን ብርቱካናማ ቀይ እንጂ ሌላ ቀለም የለውም። ጥቁር ፀጉር ላይ ሲደረግ የቀላ ጥላ ይሰጣል፤ ሽበት ላይ ሲደረግ ብርቱካናማ ይሆናል። ሥራውም ቀርፋፋ ነው። ዱቄቱ በሎሚ ወይም በሌላ ለስላሳ አሲድ ተለውሶ ሲቆይ ቀለሙ ይወጣል፤ ከዚያም ፀጉር ላይ ለሰዓታት መቆየት አለበት። ከዕፅዋት ብቻ ጥቁር ማግኘት የሚፈልግ ሰው በሂናው ላይ የኢንዲጎ ቅጠል ዱቄት ይጨምራል። ይህም ረጅም ሰዓት የሚወስድ ነው፤ ፓኬቱም ላይ ኢንዲጎ መኖሩ ይጻፋል።

በመሆኑም ሂና በሚለው አንድ ስም ሦስት ዕቃዎች ይዞራሉ። አንደኛው ንጹሕ ሂና ነው። ሁለተኛው ሂና ከኢንዲጎ ጋር ነው። ሦስተኛው ግን ጥቁር ሂና እየተባለ የሚሸጠውና በግማሽ ሰዓት ውስጥ ድቅድቅ ጥቁር የሚሰጠው ነው። ይህ ሦስተኛው ከሂና ቅጠል ያለው ድርሻ ጥቂት ነው፤ አንዳንዴም ምንም የለውም። ሥራውን የሚሠራው ፓራ ፌኒሊን ዲያሚን፣ በአጭሩ ፒፒዲ የሚባል ኬሚካል ነው።

ከድንጋይ ከሰል የመጣው ጥቁር

የፒፒዲ ታሪክ የሚጀምረው ከወባ መድኃኒት ነው። እ.ኤ.አ. በ1856 ዊልያም ፐርኪን የተባለ የ18 ዓመት እንግሊዛዊ ተማሪ ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን ኪኒን ለመሥራት ሲሞክር ሐምራዊ ቀለም አገኘ። ሰው ሠራሽ የቀለም ኢንዱስትሪ የተመሠረተው በዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1883 ፒፒዲ ለፀጉርና ለጠጉራም ቆዳ ማቅለሚያ በፈረንሳይ ፓተንት ተሰጠው። እ.ኤ.አ. በ1907 ዩጂን ሹለር የተባለው የፓሪስ ኬሚስት የራሱን የፀጉር ቀለም አዘጋጅቶ ለሳሎኖች መሸጥ ጀመረ። ከሁለት ዓመት በኋላ ያቋቋመው ድርጅት ዛሬ ሎሬያል በመባል የሚታወቀው ነው።

ፒፒዲ ብቻውን ቀለም የለውም። ጥቃቅን በመሆኑ ቅርፊቱን አልፎ ወደ ፀጉሩ ውስጥ ይገባል። በፓኬቱ ያለው አሞኒያ ቅርፊቱን ያብጣል፤ ሃይድሮጅን ፔርኦክሳይድ ደግሞ ፒፒዲውን ያቃጥለዋል። የተቃጠለው ፒፒዲ እርስ በርሱና ከሌሎች ቅመሞች ጋር ተጣብቆ ትልቅ ጥቁር ነገር ይሆናል። በገባበት ቀዳዳ መውጣት ስለማይችል ፀጉሩ ውስጥ ይቀራል። በውኃ ብቻ የሚበጠበጠው ጥቁር ዱቄትም ያለ ፔርኦክሳይድ የሚሠራ ይመስላል እንጂ፣ ውስጡ ያለው ፐርቦሬት ውኃ ሲነካው ፔርኦክሳይድ ይለቃል።

በጠርሙስ ላይ የሚጻፈው 10፣ 20፣ 30 እና 40 የሚል ቁጥር የፔርኦክሳይዱ ኃይል ነው። በቅደም ተከተል 3፣ 6፣ 9 እና 12 በመቶ ማለት ነው። 20 የሚለው ቁጥር አንድ ሊትሩ 20 ሊትር ኦክስጅን ይሰጣል ለማለት የተጻፈ ነው። ባለ 40ውን በባለ 20 ዋጋ ገዛሁ ብሎ የሚደሰት ሳሎን፣ ከትርፉ ይልቅ የተቃጠለ የራስ ቆዳ ሊያተርፍ ይችላል።

የፒፒዲ ችግር አለርጂ ነው። ቆዳው አንድ ጊዜ የተቆጣ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ጥቂቱም ይበቃዋል፤ ፊቱ ያብጣል፤ የራስ ቆዳው ውኃ ይቋጥራል። በዚህ ምክንያት የአውሮፓ ኅብረት ከተቀላቀለ በኋላ ፀጉር ላይ የሚያርፈው መጠን ከ2 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኗል። ስሌቱም ቀላል ነው። 4 በመቶ የያዘ ክሬም ከፔርኦክሳይዱ ጋር እኩል በእኩል ሲደባለቅ 2 በመቶ ይሆናል። ሂና ተብሎ ብቻ በፌስታል በሚሸጥ ጥቁር ዱቄት ላይ ግን ይህን ስሌት ማንም ሊሠራ አይችልም፤ መነሻው አይታወቅምና።

ቆዳ ላይ ለጌጥ መሳል ደግሞ ከዚህም የከፋ ነው። ለሙሽራ እጅ በጥቁር ሂና የሚሠራው ጌጥ ፒፒዲውን ያለ ገደብ ቆዳ ላይ ያሳርፋል። በአሜሪካም በአውሮፓም ፒፒዲ ለፀጉር እንጂ ለቆዳ አይፈቀድም። በጎረቤት ሱዳን ሴቶች ሂናው ቶሎ እንዲጠቁር ፒፒዲ መጨመራቸው የቆየ ልማድ ሲሆን፣ የአገሪቱ ሐኪሞች ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመመረዝ አደጋዎችን ጽፈዋል። በተለይ ሲዋጥ ጉሮሮ ያብጣል፤ ትንፋሽ ይዘጋል፤ ጡንቻ ይፈርሳል፤ ኩላሊት ሥራውን ያቆማል። ስለዚህ በቤትም በሱቅም ይህ ዱቄት ከሚበላ ነገርና ከልጆች መራቅ ይኖርበታል።

ነጋዴው ያለ ላቦራቶሪ ሊያደርገው የሚችለው ነገር አለ። ከዱቄቱ ጥቂት በውኃ ለውሶ በነጭ ጨርቅ ላይ ማቆየት ነው። ሂና ከሆነ ቀስ ብሎ ብርቱካናማ ይተዋል። አየር ሲያገኘው በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ጥቁር ቡና ዓይነት ከሄደ ስሙ ምንም ይሁን ምን ፒፒዲ ወይም ዘመዱ አለበት ብሎ መጠርጠር ይገባል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንዲሉ።

ድልድይ ሰባሪው

ማለስለሻ ወይም ሪላክሰር የሚባለው የድኝ ድልድዩን ይሰብራል። ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ሳሙና ሠሪዎች ኮስቲክ ሶዳ የሚሉት ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ያለበት ነው። ፈጣንና ኃይለኛ ነው፤ በጥቂት ደቂቃ መዘግየት ቆዳ ያቃጥላል። ሁለተኛው ሶዳ የለበትም ተብሎ የሚሸጠው ባለ ሁለት ክፍል ዕቃ ነው። በአንዱ ዕቃ ኖራ፣ በሌላው ጓኒዲን ካርቦኔት የሚባል ፈሳሽ ይመጣል። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ኃይለኛ አልካሊ ይፈጥራሉ። ሶዳ የለበትም ማለት አያቃጥልም ማለት አይደለም። ከዚህም በላይ ከኖራው የሚቀረው ካልሲየም ፀጉሩ ላይ ተቀምጦ ያደርቀዋል፤ ከጉድጓድ በሚወጣ ማዕድን የበዛበት ውኃ የሚያጥብ ሳሎን ይህን የበለጠ ያየዋል።

ይህ ልዩነት የንግድ ልዩነትም ነው። ባለ ሁለት ክፍሉ ከተቀላቀለ በኋላ በአንድ ቀን ውስጥ ማለቅ ስላለበት በግማሽ አይሸጥም፤ አንዱ ክፍል ብቻውን ቢቀር ዋጋ የለውም። ባለ ሶዳው በአሉሚኒየም ዕቃ መቀመጥ የለበትም፤ ሶዳው አሉሚኒየሙን ይበላዋል። በሃይድሮክሳይድ በለሰለሰ ፀጉር ላይ በታዮግላይኮሌት የሚሠራ ፐርም ከተደረገ ደግሞ ፀጉሩ ይበጣጠሳል። ሁለቱን ጎን ለጎን የሚሸጥ ሱቅ ይህንን ለገዢው የመናገር ግዴታ ይኖርበታል።

ሦስተኛው ዕቃ ኬራቲን ተብሎ የሚሸጠው ነው። ስሙ የፀጉሩን ፕሮቲን ይጥራ እንጂ፣ በብዙዎቹ ውስጥ ፀጉሩን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ሆስፒታሎች ፎርማሊን በሚሉት ፈሳሽ ውስጥ ያለው ፎርማልዲሃይድ ነው። በፔስትራ ሲተኮስ ጋዙ ይወጣል፤ የሚተነፍሱትም ደንበኛዋና ቀኑን ሙሉ እዚያ የምትውለው ሠራተኛ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2004 ፎርማልዲሃይድን ሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉት ጋር መድቦታል። በአሜሪካ የኦሪገን ግዛት እ.ኤ.አ. በ2010 በተደረገ ምርመራ ፎርማልዲሃይድ የለበትም የሚል ጽሑፍ የነበረበት ምርት በአማካይ ከ8 በመቶ በላይ ተገኝቶበታል። ዘዴው ቀላል ነበር፤ ፎርማልዲሃይድ ውኃ ውስጥ ሲሟሟ ስሙ ሜቲሊን ግላይኮል ይሆናል። በምትኩ የመጣው ግላይኦክሲሊክ አሲድም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2024 በታተመ የሕክምና ጽሑፍ ከኩላሊት ጉዳት ጋር ተያይዟል።

የማለስለሻ ጉዳይ ከራስ ቆዳም ያልፋል። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ተመራማሪዎች 33,497 ሴቶችን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ጥናት፣ ማለስለሻ ያልተጠቀሙ ሴቶች እስከ 70 ዓመታቸው በማሕፀን ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው 1.64 በመቶ ሲሆን፣ በዓመት ከአራት ጊዜ በላይ በተጠቀሙት ላይ 4.05 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል። ጥናቱ የትኛው ቅመም ጥፋተኛ እንደሆነ ለይቶ አላሳየም፤ ፀጉር ቀለም ላይም ተመሳሳይ ግንኙነት አላገኘም። ሆኖም ለአስመጪ ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ በውጭ አገር ጥያቄ የተነሳበት ዕቃ በርካሽ ወደ ሌላ ገበያ ሊገፋ ይችላል።

ቅቤም ኬሚስትሪ አለው

ወደ ሾላው ቅቤ ሲመለሱ፣ አያቶች ለፀጉር የሚመርጡት ለጋ ቅቤ ያለ ምክንያት አልተመረጠም። ስቡ ቅርፊቱን አስተኝቶ ይሸፍናል፤ እርጥበቱ እንዳያመልጥ ይይዛል፤ ሹሩባ ሲሠራ የማበጠሪያውን ጉተታ ይቀንሳል። የእንጦጦ ኮረብታ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሲሆን፣ ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ጎጂው የፀሐይ ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ይህ ጨረርና የበጋው ደረቅ አየር ፀጉርን ያደርቃሉ፤ ቀለምንም ያደበዝዛሉ። በዚህ አየር ንብረት ቅቤ ሥራ አለው። የቅቤ ስብ የሚቀልጠው ከሰውነት ሙቀት በታች፣ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው መካከል በመሆኑ በብርዱ ጠዋት ዕቃው ውስጥ ረግቶ፣ ራስ ላይ ግን ይቀልጣል። ይሁንና ቅቤ የተሰበረ ድልድይ አይጠግንም፤ ያደርጋል ብሎ የሚሸጥ ያታልላል።

ቅቤ ሲበስል የሚሸተው ቡቲሪክ አሲድ ከስቡ ስለሚለቀቅ ነው። እናቶች አደስ የሚጨምሩት ሽታውን ለመሸፈን ነው። በአደስ ዘይት ውስጥ ያለው ሲኒዮል የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ቅጠል ሲጨመቅ የሚሸተው ያው ነው። ቡቲሪክ አሲድ ለነጋዴ ሌላም ጥቅም አለው። በቅቤ ስብ ውስጥ በተፈጥሮ ይገኛል፤ በፓልም ዘይት ውስጥ ግን የለም። ላቦራቶሪዎች የተቀላቀለ ቅቤን የሚለዩት ይህንን በመለካት ነው። ገበያ ላይ ደግሞ ናሙናውን መዝኖ ማንጠርና ከጠራው ስብ በታች ስንት ውኃና አሬራ እንደቀረ ማየት ይቻላል። በኪሎ የሚከፈለው ዋጋ ለስቡ እንጂ ለውኃው አይደለምና።

መጋዘንና ወረቀት

እነዚህ ዕቃዎች መደርደሪያ ላይ እያሉም ይለወጣሉ። ፔርኦክሳይድ በሙቀትና በብርሃን ኃይሉን እያጣ ጋዝ ይለቃል፤ ያበጠ ጠርሙስ የደከመ ጠርሙስ ነው። የፒፒዲ ክሬም አየር ከገባበት ቱቦው ውስጥ ይጠቁራል፤ ፀጉር ላይ ግን አይዝም። ሂና በፀሐይ ቀለሙን ያጣል። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ለወራት የሚቀመጥ ዕቃ ዋጋው በወረቀት ላይ እንዳለ ሆኖ ውስጡ ያልቃል።

የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የውበት መጠበቂያዎችንም ይቆጣጠራል። አስመጪው ከዚህ በተጨማሪ ራሱን የሚጠብቅበት ወረቀት የኬሚካል ደኅንነት መረጃ ሰነድ ነው። በሰነዱ ላይ ስሞች በየቋንቋው ቢለዋወጡም የኬሚካሉ መለያ ቁጥር አይለወጥም። ፒፒዲ 106-50-3፣ ላውሶን 83-72-7፣ ፎርማልዲሃይድ 50-00-0፣ በሌላ ስም የሚመጣው ሜቲሊን ግላይኮል 463-57-0፣ ኮስቲክ ሶዳ 1310-73-2 ነው። ንጹሕ ሂና ተብሎ በቀረበ ዕቃ ሰነድ ላይ የመጀመሪያው ቁጥር ከተገኘ ዕቃው የፀጉር ቀለም ነው፤ ዋጋውም፣ ማስጠንቀቂያውም፣ የሚሸጥበት ስምም በዚያው መሠረት መሆን አለበት። ሰነዱን መስጠት የማይፈልግ አቅራቢ ደግሞ መልሱን ሰጥቷል።

ለቸርቻሪውና ለሳሎኑ የሚቀረው ከ48 ሰዓት በፊት ከጆሮ ጀርባ ጥቂት ቀብቶ መሞከር ነው። ይህ አንድ ደንበኛ ለሁለት ቀን ያዘገያል። ፊቷ ያበጠ ደንበኛ ግን ሰፈሩን ሁሉ ይዛ ትሄዳለች። በቅቤ ንግድ አንድ ጊዜ ቀላቅሎ የተያዘ ሰው ሾላ ላይ ምን እንደሚደርስበት ነጋዴው ሁሉ ያውቃል፤ የፀጉር ቀለም ገዢም ከቅቤ ገዢ የሚለየው እስከዛሬ የሚቀምሰውና የሚያሸተው ነገር ስላልነበረው ብቻ ነው።